የአረጋውያንን ምራቅ በሥርዓት ለምትሰበስብልን ባለሙያ ምስጋና

የአረጋውያንን ጥርስ የምናክም ባለሙያዎች ነን። ምስጋናችን የምራቅ ናሙና ለምትሰበስብልን የላብራቶሪ ባለሙያ ነው። ስሟ አደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለገች አንጠራውም፤ የሚፈልጋት በውስጥ መስመር ይጻፍልን፣ እናገናኘዋለን።

ምራቅ መቀበል ማንም የሚችለው ሥራ ይመስላል። ፕሮቲን ሊለካበት ከሆነ ግን ናሙናው ገና ማሽኑ ጋ ሳይደርስ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት ጀምሮ እንዳይበሉ፣ እንዳይጠጡ፣ ጥርስም እንዳይቦርሹ አስቀድማ ትናገራለች። ብሩሽ ድድ ያደማል፤ ደም ከገባ የደሙ ፕሮቲን ከምራቁ ጋር አብሮ ይቆጠራል። ቀላ ያለ ናሙና ካየች ሳታመነታ ትጥለዋለች። የስኳር ሕመምተኞችን ቁርሳቸውን በልተው ያ ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው የምትቀጥራቸው፤ መድኃኒቱን እንዲተው ለማንም አትነግርም። የምራቅ መጠን በቀን ውስጥ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ ጠዋት የተለካ ሰው ሲደገምም ጠዋት ነው።

ወንበሩ ላይ አንገት ወደ ፊት ዘንበል ይላል። «አባባ፣ አይምጠጡት፣ አክታም አይጨምሩበት፤ ዝም ብሎ ይፍሰስ» ትላለች፣ 5 ደቂቃ በሰዓት ይዛ። ቱቦውን ባዶውን መዝናዋለች፤ አረፋ ዓይንን ስለሚያታልል መጠኑን የምታውቀው በሚዛን ነው፣ 1 ግራም እንደ 1 ሚሊ ሊትር ተቆጥሮ። ጥጥ አትጠቀምም፤ አንዳንዱ ፕሮቲን ጥጡ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ቱቦው ወዲያው በረዶ ውስጥ ይገባል፣ ምክንያቱም ስታተሪንና ሂስታቲንን የመሰሉ ጥርስንና አፍን የሚጠብቁ ትናንሽ ፕሮቲኖች በአፍ ውስጥ ባሉ ኢንዛይሞች ቶሎ ይቆራረጣሉ። ከዚያ በሴንትሪፉጅ (በፍጥነት በሚያሽከረክር ማሽን) ይዞርና ከላይ የጠለለው በትናንሽ ቱቦዎች ተከፋፍሎ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ይቀመጣል። መከፋፈሉ አንዱን ናሙና ደጋግሞ ከማቅለጥ ያድናል።

እኛን ከሁሉ የጠቀመን ግን የውጤት አጻጻፏ ነው። አፉ የደረቀ ሰው ምራቁ ስለሚወፍር በሚሊ ሊትር ሲታይ ፕሮቲኑ የበዛ ይመስላል። ለምሳሌ በሚሊ ሊትር 2 ሚሊ ግራም ያለው ሰው በደቂቃ 0.1 ሚሊ ሊትር ብቻ ካመነጨ፣ ጥርሱ በደቂቃ የሚያገኘው 0.2 ሚሊ ግራም ነው። 1 ሚሊ ግራም ያለውና 0.4 ሚሊ ሊትር የሚያመነጨው ደግሞ 0.4 ያገኛል፤ እጥፍ ማለት ነው! ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን የሚጽፍ ላብራቶሪ ብዙ አላየንም። ፍሰቱ በደቂቃ ከ0.1 ሚሊ ሊትር በታች ሲሆን በቀይ ታሰምርበታለች፤ ያ ራሱ የምራቅ እጥረት ነው። የደም ግፊት፣ የድብርትና የአለርጂ መድኃኒቶች ምራቅ ሊቀንሱ ስለሚችሉ ዝርዝራቸውን ከውጤቱ ጋር ታያይዛለች።

አንድ ፕሮቲን ብቻውን «ጥርስዎ ይበሰብሳል» እንደማይል ለታካሚው በግልጽ ትነግረዋለች። በጠብታ ምራቅ ቁርጡን እንነግራችኋለን ከሚሉ ተጠንቀቁ። ድዱ ሸሽቶ ሥሩ የተገለጠ ጥርስ በዓይንና በመሣሪያ መታየት አለበት፤ የላይኛው ሽፋን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲዱ ይበረታል) ወደ 5.5 አካባቢ ሲወርድ መሟሟት ሲጀምር፣ ሥሩ ግን ገና 6.2 እና ከዚያም በላይ እያለ ይጀምረዋል። ምራቁ ያነሰውንና ሥሩ የተጋለጠውን ሰው ቶሎ ወደ እኛ ትልካለች፤ እንደ ሁኔታው 5000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 5000 እጅ) ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና እናዝለታለን።

ቀጠሮ የምትይዙላቸው እናት ወይም አባት ካሉ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ያለ ማዘዣ የተገዛውንም ጭምር፣ ጽፋችሁ አስይዛችሁ ላኳቸው።