«ለዘላለም» ተብሎ የሚሸጥ የፎቶና የሰነድ ማከማቻ ከመግዛታችሁ በፊት

ሰሞኑን በቴሌግራም ቡድኖችና በአንዳንድ የሰርግ ፎቶ ስቱዲዮዎች በኩል ለቤተሰቦች እየቀረበ ስላለ አንድ አገልግሎት የምጽፈው፣ ሊገዙት ያሰቡ ዘመዶቼ ከመፈረማቸው በፊት ውሉን እንድመለከትላቸው ሰጥተውኝ ከዳር እስከ ዳር ስላነበብኩት ነው። ሻጩ የሰርግ ቪዲዮን፣ የቤተሰብ ፎቶን፣ የቤት ካርታንና የትምህርት ማስረጃን በአንድ ጊዜ ክፍያ «ማንም ሊያጠፋው በማይችል ያልተማከለ መረብ ላይ ለዘላለም» እንደሚያስቀምጥ፣ ለደንበኛውም «የዲጂታል ባለቤትነት ሰርተፍኬት» እንደሚሰጥ ይናገራል። ያልተማከለ መረብ ማለት ፋይሉ በአንድ ኩባንያ ሰርቨር ሳይሆን በብዙ ሰዎች ኮምፒውተሮች ላይ የሚቀመጥበት ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ ተመሳሳይ ውል ይዘው የሚመጡ ሌሎችም ስለሚኖሩ፣ መታወቅ ያለበት የውሉ ይዘት ነው።

ቴክኖሎጂው ራሱ ማታለያ አይደለም። ፋይላችንን ለአንድ ኩባንያ ሰርቨር ብቻ አደራ መስጠት የሚያስከትለው አደጋም እውነተኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2012 የአሜሪካ መንግሥት ሜጋአፕሎድ የተባለውን የፋይል ማከማቻ ድርጅት ሲዘጋ፣ ምንም ጥፋት የሌለባቸው ደንበኞችም ያስቀመጡትን ማግኘት ተስኗቸው ቀርተዋል። ኁዋን ቤኔት የመሠረተው ፕሮቶኮል ላብስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ያደረገው አይፒኤፍኤስ የተባለው ያልተማከለ መረብ እያንዳንዱን ፋይል የሚያውቀው በተቀመጠበት ሰርቨር ሳይሆን፣ ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ በሚወጣ ሲአይዲ በሚባል መለያ ነው። በፋይሉ ውስጥ አንዲት ፊደል ብትለወጥ መለያው ስለሚለወጥ፣ ከማንም ኮምፒውተር ብናወርደው ያልተነካካ መሆኑን ማረጋገጥ እንችላለን። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፣ የሚያደንቁትም ያለ ምክንያት አያደንቁትም።

ችግሩ ሻጩ የማይናገረው ላይ ነው። የቤት ቁጥር ማወቅ በቤቱ ውስጥ ሰው መኖሩን እንደማያረጋግጥ ሁሉ፣ መለያው መኖሩ ፋይሉን የያዘ ኮምፒውተር መኖሩን አያረጋግጥም። በአይፒኤፍኤስ ላይ ያለ ኮምፒውተር አንድን ፋይል በቋሚነት የሚይዘው ባለቤቱ «ይህን ጠብቅ» ብሎ ሲያዘው ብቻ ነው፤ ጠብቅ ያልተባለውን ፋይል ግን ቦታ ሲጠበው ያጸዳዋል። ስለዚህ ፋይሉን በቋሚነት ለማቆየት ሁልጊዜ የሆነ ሰው እየከፈለ መቀጠል አለበት። ባነበብኩት ውል ያ ሰው ሻጩ ብቻ ነው፤ ሻጩ ሥራውን ቢዘጋ ወይም ክፍያውን ቢያቋርጥ ማን እንደሚተካው የሚገልጽ አንድም አንቀጽ የለም። ከሻጩ በቀር ጠባቂ የሌለው ማከማቻ ደግሞ ያልተማከለ ሊባል አይችልም።

ከዚህ በፊት የደረሱ ምሳሌዎች አሉ። የክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) መገበያያው ኤፍቲኤክስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ሲከስር፣ በእርሱ በኩል የወጡ ኤንኤፍቲዎች (የአንድ ዲጂታል ሥዕል ባለቤትነት ምልክት ሆነው የሚሸጡ፣ ቶከን የሚባሉ ዲጂታል መዝገቦች) የሥዕል መረጃቸው በኩባንያው አድራሻ ላይ ስለነበር፣ ባለቤቶቹ ሥዕላቸውን ለማየት ሲሞክሩ ወደ ኪሳራው ጉዳይ ገጽ ይወሰዱ ነበር። ቶከኑ በእጃቸው ነው፣ ሥዕሉ ግን የለም። ኤንኤፍቲ ዶት ስቶሬጅ የተባለው በነጻ ያስቀምጥ የነበረ አገልግሎትም በ2024 አጋማሽ በቀድሞው አሠራሩ አዲስ ፋይል መቀበል አቁሟል።

ሻጮች «የእኛ በፋይልኮይን ላይ ነው» ሊሉ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2020 ጀምሮ የሚሠራው ፋይልኮይን የተባለው የማከማቻ መረብ፣ ፋይል ለመያዝ የሚከፈላቸው አከማቾች መያዣ እንዲያስይዙና ፋይሉን አሁንም እንደያዙ በየጊዜው በስሌት እንዲያረጋግጡ ስለሚያስገድድ፣ ከባዶ ቃል እጅግ ይሻላል። ሆኖም በዚያ የሚገባው ውል የጊዜ ገደብ አለው፤ ከ180 ቀን አይወርድም፣ ከ3 ዓመት ተኩል ገደማም አይበልጥም፣ ሲያልቅም የሚያድሰው ይፈልጋል። በአንድ ጊዜ ክፍያ ለረጅም ዘመን ለማስቀመጥ የተነደፈው እ.ኤ.አ. በ2018 የተጀመረው አርዊቭ የተባለው መረብ ነው፤ እርሱም ቢሆን የተመሠረተው የማከማቻ ዋጋ በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል በሚል ግምት ላይ ነው። ዘመዶቼ የተሰጣቸው ውል ከእነዚህ አንዱንም በስም አይጠቅስም።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ የምስጢር ጉዳይ ነው። በአይፒኤፍኤስ ላይ የገባ ፋይል አስቀድሞ በምስጠራ ካልተዘጋ በስተቀር፣ መለያውን ያገኘ ማንኛውም ሰው ሊያወርደው ይችላል፤ ሌላ ሰው አንድ ጊዜ ቅጂውን ከያዘው ደግሞ እኛ መልሰን ልናጠፋው አንችልም። ስለዚህ ፓስፖርትን፣ የፋይዳ መታወቂያን ወይም የሕክምና ወረቀትን እንዲሁ መጫን ማለት፣ ስለ ግል መረጃ ጥበቃ በወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት መረጃችን እንዲሰረዝልን የመጠየቅ መብታችንን በገዛ እጃችን ዋጋ ማሳጣት ነው። ውሉ «ፋይሎች ይመሰጠራሉ» ይላል፤ ዝቅ ብሎ ግን «ለደንበኛው ምቾት» ቁልፉ በሻጩ ዘንድ እንደሚቀመጥ ተጽፏል። ቁልፉ በሻጩ እጅ ከሆነ ፎቷችንን የሚከፍተውም ሆነ የሚከለክለን እርሱ ነው፤ ለባለቤትነት ብለን የከፈልነው ገንዘብ ምን እንደገዛልን አይገባኝም። ሰርተፍኬት የተባለው ቶከንም ይህንን አይለውጥም፤ በአብዛኛው በውስጡ ያለው ወደ ፋይሉ የሚያመለክት ሊንክ ነው፣ በቤት ካርታ ላይ ደግሞ ማረጋገጫው የመሬት መዝገብ ስለሆነ የሚጨምረው አንዳች ነገር የለም።

ክፍያውን በቶከን፣ ማለትም በክሪፕቶ ገንዘብ፣ ከፈጸማችሁ ቅናሽ እንደሚደረግላችሁ የሚነግሯችሁ ካሉም፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2022 በክሪፕቶ መገበያየት ያልተፈቀደ መሆኑን ማስጠንቀቁን አትርሱ።

ሊገዛ የሚያስብ ሰው ፋይሉ በየትኛው መረብ ላይ እንደሚቀመጥ፣ በስንት አከማቾች ዘንድ ቅጂ እንደሚኖረው፣ ውላቸው መቼ እንደሚያበቃና ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ በቃል የተሰጠ መልስ አይቀበል። ምስጢርነት የሌለው አንድ ፎቶ አስጭኖ ሲአይዲውን ይቀበልና፣ ሻጩ በማያስተዳድረው የአይፒኤፍኤስ መግቢያ (ጌትዌይ የሚባል፣ የመረቡን ፋይል በተራ የኢንተርኔት ማሰሻ የሚከፍት ድረ ገጽ) በኩል በተለያዩ ቀናት ለመክፈት ይሞክር። ደጋግሞ ሞክሮ ካልተከፈተለት፣ ፋይሉ ያለው በሻጩ ሰርቨር ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል። ምስጠራውንም እንደ ክሪፕቶሜተር ባለ ነጻ ፕሮግራም በራሱ ኮምፒውተር ላይ አድርጎ የይለፍ ቃሉን ከራሱ ዘንድ ቢያስቀር፣ ከዚያ በኋላ የትም ቢያስቀምጠው ምስጢሩ ይጠበቅለታል። በሁለት የተለያዩ ቤቶች የሚቀመጡ ሁለት ሃርድ ዲስኮችን፣ በየዓመቱ እየከፈቱ እስካዩዋቸው ድረስ፣ ከዚህ ውል አብልጬ አምናቸዋለሁ።

አስቀድማችሁ የከፈላችሁ ደግሞ ዋናውን ከስልካችሁ አታጥፉ። ሁሉንም ፋይል ዛሬውኑ አውርዳችሁ መከፈቱን አረጋግጡ፣ የእያንዳንዱን ሲአይዲና የምስጠራ ቁልፉን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ደረሰኙንና የማስታወቂያውን ቅጂ አስቀምጡ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ስለሚደነግግ፣ ሻጩ መልስ ካልሰጠ እነዚህን ወረቀቶች ይዛችሁ ለንግድ ቢሮ አቤት ማለት ትችላላችሁ።