ሶላር ካስገባሁ 14 ወር ሆነኝ፤ ስለ ቮልቴጅ ግን ማንም አልነገረኝም

የምኖረው አውስትራሊያ፣ ቪክቶሪያ ግዛት፣ ሜልቦርን ነው፣ በምዕራቡ በኩል። በኦክቶበር 2024 (ቀኖቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) 6.6 ኪሎዋት ፓኔል ጣሪያችን ላይ፣ ከ5 ኪሎዋት ኢንቨርተር (የፓኔሉን ኃይል ለቤት ወደሚሆን መብራት የሚቀይረው ሳጥን) ጋር አስገባን። እዚህ አገር ብዙ ሰው የሚያስገባው ይሄንኑ ነው። ስለ ፓኔሎቹ ብዙ የምለው የለኝም። ዲሴምበር ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ በቀን እስከ 38 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣሉ፣ ጁን ላይ ደመናው ሲከብድ 7 ወይም 8። አንድም ቀን አልተበላሹም።

ያስቸገረኝ ሌላ ነው።

ገና በሁለተኛው ወር፣ አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ምርቱን የሚያሳየውን አፕ ስልኬ ላይ ከፈትኩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ለሶላር ከዚህ የተሻለ ቀን የለም። ግራፉ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል በደንብ ሲወጣ ቆይቶ ከዚያ ወዲያ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ መስሏል። ይወጣል፣ ዜሮ ይገባል፣ ትንሽ ቆይቶ ይነሳል፣ ደግሞ ዜሮ። ጋራዥ ሄጄ ኢንቨርተሩን ሳየው ቀይ መብራት በርቷል፣ ስክሪኑ ላይ ቮልቴጁ 259 ይላል። የገጠሙልኝ ሰዎች ጋ ደወልኩ። "ደመና ይሆናል" አሉኝ። በዚያ በጠራ ሰማይ! በጣም ነው የተናደድኩት።

ከዚያ ራሴው ማንበብ ጀመርኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከቤታችን የተረፈው ኃይል ወደ ሰፈሩ መስመር እንዲገባ የኢንቨርተሩ ቮልቴጅ ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። አንድ ቤት ብቻ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም። ግን አውስትራሊያ ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ጣሪያዎች ሶላር አላቸው፣ የኛ መንገድ ላይ እንኳ ግማሹ ቤት አለው፣ እና በፀደይ እሁድ እኩለ ቀን ኤሲም ማሞቂያም ሳይበራ ሁሉም ወደ አንድ ትራንስፎርመር ሲገፋ ቮልቴጁ ሽቅብ ይወጣል። ትራንስፎርመሩ ደግሞ ድሮ የተስተካከለው ማታ ሁሉም ምድጃ ሲለኩስ መስመሩ ጫፍ ያለው ቤት እንዳይደክምበት ታስቦ ስለሆነ፣ መነሻው ራሱ ከፍ ያለ ነው። እኛ ያደግነው መብራት ሲደክም፣ አምፖሉ ሲቀላ፣ ፍሪጁ ሲያቃስት እያየን ነው። በዝቶ ሲያስቸግር ያየሁት እዚህ ነው።

የአውስትራሊያ መስመር 230 ቮልት ነው፣ እስከ 253 ይፈቀዳል። አዲስ ኢንቨርተር ከ253 በላይ ሲያይ ምርቱን ቀስ በቀስ እንዲቀንስ፣ የ10 ደቂቃው አማካይ ከ258 ካለፈ ግን እንዲቋረጥ ደንቡ ያስገድደዋል። ቀስ ብሎ ከቀነሰ ብዙ አንጎዳም። የኔው ግን ሳይቀንስ ቆይቶ ድርግም ይል ነበር። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሽያን የሆነ ወንድማችን መጥቶ ሴቲንጉን ሲያየው፣ ሲገጠም ከየአገሩ ደንቦች መካከል የአውስትራሊያው አልተመረጠም! ለማስተካከል 10 ደቂቃ አልፈጀበትም።

ቀጥሎ የመስመሩ ድርጅት ጋ ቅሬታ አስገባሁ፣ የ3 ሳምንት የስክሪን ፎቶ ከነሰዓቱ አያይዤ። ቪክቶሪያ ውስጥ ስማርት ቆጣሪ የሌለው ቤት ከስንት አንድ ነው፣ ስለዚህ የቮልቴጁን ታሪክ እነሱም ያዩታል። "ይጠብቁ" አሉኝ፣ ጠበቅሁ፣ ድጋሚ ጻፍኩ። ማርች 2025 መኪና መጣ፣ ለትንሽ ጊዜ መብራት ጠፋ፣ ሠራተኛው ትራንስፎርመሩን አንድ እርከን ዝቅ አደረገው። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ 248 አነበብኩ። መስመሩ ጫፍ ላይ የሚኖሩት አዛውንት ጎረቤቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ፓኔሎቻቸው ያረጁ መስሏቸው ዝም ብለው ኖረዋል። ከሁላችንም የበለጠ የሚጎዳው ጫፍ ላይ ያለው ነው፣ ይሄ እስካሁን ያሳዝነኛል።

የቀረው እኛው እጅ ነው። ቦይለራችን 3.6 ኪሎዋት ነው፣ ድሮ ሌሊት በርካሽ ታሪፍ ይሞቅ ነበር። ኤሌክትሪሽያኑ መስመሩን ቀይሮልን አሁን እኩለ ቀን ላይ ይሞቃል። እንጀራም ማታ መጋገር ትተን ቅዳሜ ከምሳ በፊት አድርገነዋል። ምጣዱ ሲበራ አፑ ላይ 251 የነበረው ወደ 247 ሲወርድ፣ ሲጠፋ ሲመለስ አያለሁ። ለኪሳችንም ይሻላል፤ ለምንልከው ኃይል በ2024-25 ዝቅተኛው ክፍያ በኪሎዋት ሰዓት 3.3 ሳንቲም ነበር፣ ከጁላይ 2025 ወዲህ እሱም ግዴታ አይደለም። የምንገዛው ግን ወደ 30 ሳንቲም ነው።

ሌላም አለ። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ቪክቶሪያ ውስጥ የሚገባ አዲስ ሶላር፣ መስመሩ ላይ ኃይል ከመጠን በላይ ሲተርፍ ከርቀት እንዲቀነስ በኢንተርኔት መያያዝ አለበት። "ጣሪያዬን ሊቆጣጠሩ ነው" ብሎ የሚቆጣ ብዙ ነው። እኔ ተቀብዬዋለሁ። ለቁርጥ ቀን የተቀመጠ ነገር ነው፣ አገሩ ሁሉ ከሚጨልም የኔ ለአንድ ሰዓት ቢቀንስ ይሻላል። ዋይፋይ ስትቀይሩ ግን ኢንቨርተሩን መልሳችሁ አያይዙ።

በኖቬምበር 2025 አንድም ቀን ዜሮ አልገባም፣ ሁለት ቀን ብቻ ትንሽ ቀንሷል። አሁን ባትሪ እያሰብን ነው፣ የፌዴራሉ መንግሥት ከጁላይ 2025 ጀምሮ 30 በመቶ ገደማ ስለሚደግፍ። ሁለት ድርጅቶች ጋ ዋጋ ጠይቄ ነበር። ለሁለቱም መጀመሪያ ያልኳቸው፣ "ሴቲንጉን ስትመርጡ አጠገባችሁ ቆሜ አያለሁ" ነው። አንዱ "ምን ችግር አለው፣ ና እይ" አለኝ። ከሱ ጋር ነው የምንዋዋለው።