ቤት መኪናችንን ያነሳልን የመንገድ ዳር እርዳታ

እየተኛንበትና እያበሰልንበት የምንጓዝበት ቤት መኪናችን 8 ሜትር ተኩል ይረዝማል። ቁመቱ 3 ሜትር ከ30 ነው። ውሃና ዕቃ ሲሞላ ከ6 ቶን ያልፋል። እነዚህን ቁጥሮች በቃሌ የያዝኳቸው ተቸግሬ ነው።

አምና መኪናው ተበላሽቶ መንገድ ላይ ቆመን ለቀድሞው የመንገድ ዳር እርዳታ ድርጅታችን ደወልኩ። ውሉ «ማንኛውም ተሽከርካሪ» ይላል። 4 ሰዓት ጠብቀን የመጣው ግን ትንንሽ አውቶሞቢሎችን የሚጭን መኪና ነው። ሹፌሩ አንዴ ዞሮ አየና «ይሄንን አልችለውም» ብሎ ሄደ። አልፈረድኩበትም። የእኛን ጭኖ ቁመቱ ከ4 ሜትር በላይ ሆኖ ድልድይ ስር ቢገባስ?

ዘንድሮ የውሃ ፓምፑ ተበላሽቶ ሞተሩ ከልክ በላይ ጋለ። ለአዲሱ ድርጅት ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ከስሜ ቀጥላ ርዝመቱን፣ ቁመቱንና ክብደቱን ጠየቀችኝ። ኃይሉ ወደ ፊት ጎማ ነው ወይስ ወደ ኋላ? የቆማችሁበት ቦታ ለከባድ መኪና ይበቃል? ወዴት አቅጣጫ ስትሄዱ ነበር? ለእኔ የአገልግሎቱ ዋና ነገር ይሄ ነው። የሚላከው መኪና የሚወሰነው እዚያች ስልክ ላይ ነውና።

ከደወልኩ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከባዱ ማንሻ መኪና ደረሰ። ሹፌሩ ምንም ሳይነካ በፊት ከስር ገብቶ አየ። ከዚያ ከካምቢዮ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ረጅም ዘንግ ፈታ። ሲመለስ በነበረበት እንዲገጥም በነጭ ቀለም ምልክት አደረገበት። ቡሎኖቹን በላስቲክ ቋጥሮ እጄ ላይ አስቀመጠ። ይሄ ለቅንጦት አይደለም። ሞተር ሲጠፋ የካምቢዮውን ዘይት የሚገፋው ፓምፕም ይቆማል። የኋላ ጎማ መሬት ላይ እየተሽከረከረ ረጅም መንገድ ከተጎተተ ካምቢዮው በደረቁ ይፈጫል። ፊቱን ሲያነሳም ጭራው መሬት ሊነካ ሲል አቁሞ ዝቅ አደረገውና በእጁ ለክቶ ቀጠለ። እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ደስ ይለኛል።

ቅር ያለኝም አለ። ስንት ሰው እንደሆንን ማንም አልጠየቀም። የማንሻው ጋቢና ከሹፌሩ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚይዘው። እየተጎተተ ያለ ቤት ውስጥ ደግሞ ሰው አይቀመጥም፤ ልክም ነው። ባለቤቴና ሁለቱ ልጆች ሌላ መኪና እስኪላክላቸው ከመንገዱ ራቅ ብለው አንድ ሰዓት ቆሙ። ያን ጊዜ በጣም ከፋኝ።

ጎማም ላይ ውላችሁን አንብቡ። ይቀይሩላችኋል፤ ጎማውን ግን የምታቀርቡት እናንተ ናችሁ። ብዙ ቤት መኪና ደግሞ ስኮርታ የለውም። «እስከ ቅርቡ ጋራዥ እናደርሳለን» ሲሉም የትኛው ጋራዥ እንደሆነ ጠይቁ። የእኛው ውል እንዲህ ያለ መኪና መሥራት የሚችል ጋራዥ ብሎ ጽፎታል።

ውሉን አድሻለሁ። ሳድስ ፋይሌ ላይ አንድ ነገር አስጨመርኩ። አሁን ከቁመቱና ከክብደቱ ስር «4 ሰው፣ ሁለቱ ልጆች» ይላል።