ካንሳይ፦ ከነክሪኩ የቀረበ ደሴት

በጃፓን፣ በኦሳካ ባሕረ ሰላጤ ላይ የተሠራው የካንሳይ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በተርሚናሉ ነው። ጣሊያናዊው አርክቴክት ሬንዞ ፒያኖ የነደፈው 1.7 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ሕንፃ በርግጥ ያምራል፤ እዚህ የሚገመገመው ግን ተሸካሚው ደሴት ነው።

ደሴቶቹ ሁለት ናቸው፤ የ1ኛው ሥራ የተጀመረው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። ባሕሩ 18 ሜትር ያህል ይጠልቃል፤ ወለሉ ደግሞ 20 ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ውሃ የጠገበ ሸክላ ነው። ሙሌት ሲጫንበት ውሃው እየተጨመቀ ይወጣል፣ አፈሩ ይታመቃል፣ ደሴቱም ይወርዳል። ይህ እንዲፋጠን በወለሉ ላይ አሸዋ ተነጠፈ፤ ከዚያ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ እስከ ሸክላው ግርጌ እየተሰደደ፣ አሸዋ እየተሞላ፣ ተመልሶ ተነቀለ። በየ2.5 ሜትሩ አንድ፣ በድምሩ 1 ሚሊዮን ገደማ የአሸዋ ዓምድ መሆኑ ነው። ውሃው ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ በርቀቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እስከ 10 ሜትር ይጓዝ የነበረው ወደ ጎን 1.25 ሜትር ብቻ ሲሄድ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ ጊዜው ለ64 ይካፈላል። ለዚህ ክፍል እንከን አናወጣለትም።

እንከኑ ከዚያ በታች ነው። በመቶዎች ሜትር የሚወርድ ጥንታዊ የሸክላና የአሸዋ ንብርብር አለ፤ ዓምዶቹ እዚያ አይደርሱም። 1ኛው ደሴት በ1994 ከተከፈተ ወዲህ ብቻ በአማካይ ከ3 ሜትር በላይ ሰምጧል። አሁን በዓመት 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ 2ኛው፣ ገና አዲስ ስለሆነ፣ 20 ገደማ።

ምስጋናው ለክሪኩ ነው። ሕንፃን የሚሰነጥቀው አንዱ ጥግ ከሌላው በላይ መውረዱ እንጂ መስመጡ ብቻውን አይደለም። ስለዚህ 900 ገደማ ምሰሶዎች በየጊዜው ይለካሉ፤ የወረደው በሃይድሮሊክ ክሪክ ይነሣል፣ ከሥሩ የብረት ላሜራ ይገባል፣ ክሪኩ ይለቀቃል። የሚወላገድ ጠረጴዛ እግር ሥር ካርቶን አጥፎ እንደማስገባት ነው፤ ጠረጴዛው 1.7 ኪሎ ሜትር ከመሆኑ በቀር።

ክሪክ ግን መንደርደሪያ አያነሣም። ሴፕቴምበር 4 ቀን 2018 ታይፉን ጄቢ የተባለው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ሞገዱ የባሕር መከላከያውን ግንብ አልፎ መንደርደሪያውን አጥለቀለቀው፤ ምድር ቤት የተቀመጡት የኤሌክትሪክ መሣሪያዎችም ውሃ ገባባቸው። ነፋስ የገፋው ታንከር መርከብ ደግሞ ደሴቱን ከየብስ የሚያገናኘውን ድልድይ መትቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ደሴቱ ላይ አደሩ። ግንቡ ከዚያ በኋላ እስከ 2.7 ሜትር ከፍ ተደርጓል፤ የቆመው ግን አሁንም በሚወርደው መሬት ላይ ነው።