ፍሪኮድካምፕ ወይስ ኤምዲኤን?

ጎንደር ላይ ኮድ መማር የጀመሩ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ማራኪ አካባቢም ሆነ ፒያሳ ቡና ስንጠጣ ወሬው እዚሁ ያርፋል።

ፍሪኮድካምፕ በ2014 እ.ኤ.አ. የተጀመረ የኮድ መማሪያ ድረ ገጽ ነው፤ ትምህርቱም ነፃ ነው። ጀማሪን እጁን ይዞ ይወስዳል። ትንሽ ኮድ ትጽፋላችሁ፣ እዚያው ብራውዘሩ ላይ ይፈተሻል፣ ከተሳሳታችሁ ፍንጭ ይሰጣችኋል። ይህ ተስፋ እንዳትቆርጡ ያደርጋል። ችግሩ ሌላ ነው። ልምምዱን ስትጨርሱ ሁሉም የገባችሁ ይመስላል፤ ባዶ ፋይል ስትከፍቱ ግን እጃችሁ ይታሰራል። እኔም ደርሶብኛል፤ አንድ ቀላል ፎርም ለመሥራት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

ያወጣኝ ኤምዲኤን ነው። ሞዚላ በ2005 እ.ኤ.አ. ያስጀመረው፣ ድረ ገጽ የሚሠራባቸው የኤችቲኤምኤል፣ የሲኤስኤስና የጃቫስክሪፕት ማጣቀሻ ድረ ገጽ ነው። እንደ ልብ ወለድ ከዳር እስከ ዳር አይነበብም። የጠፋባችሁን ፈልጋችሁ ትገባላችሁ፣ ምሳሌውን ትሞክራላችሁ፣ የትኛው ብራውዘር እንደሚደግፈው ሰንጠረዡን ታያላችሁ። አዲስ ነገር ሲመጣም ሥራ ላይ ለማዋል መድረሱን የምታውቁት እዚያው ነው። እንግሊዝኛው መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፣ አልዋሽም።

ኔትወርክ ሲጠፋስ? እዚህ ላይ ኤምዲኤን ይበልጣል። ጽሑፎቹን ዴቭዶክስ በተባለ የኮድ ማጣቀሻዎችን በሚሰበስብ ድረ ገጽ ላይ አስቀድሞ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል። ላፕቶፑ ቻርጅ ካለው መብራት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ወራት ፍሪኮድካምፕ ላይ ቆዩ። የራሳችሁን ፕሮጀክት የጀመራችሁ ዕለት ግን ኤምዲኤንን ክፈቱ።