ግሎክ 43ኤክስ ከ14 ወር በኋላ፦ ስለ ሽጉጡ ትንሽ፣ ስለ አፎቱ ብዙ

ሽጉጡን ለመምረጥ ሦስት ወር ፈጀብኝ። አፎቱን፣ እዚህ ሁላችንም ሆልስተር የምንለውን፣ የገዛሁት ግን ሒሳብ ልከፍል ስቆም ባንኮኒው አጠገብ ከተንጠለጠሉት አንዱን መዝዤ ነው። 20 ዶላር። ዛሬ ቢሆን ተገላቢጦሹን ነበር የማደርገው።

የምኖረው ጋርላንድ ነው፣ ዳላስ ጥግ። የነዳጅ ማደያ ሱቅ አለኝ፤ የምዘጋው ማታ 5 ሰዓት ላይ ነው። ከበሩ እስከ መኪናዬ 40 እርምጃ ቢሆን ነው። አንድ ማታ የዕለቱን ገንዘብ ይዤ ስወጣ አንድ ሰው እስከ መኪናዬ ድረስ ተከተለኝ። ምንም አላደረገኝም። እንቅልፌን ግን ወሰደው።

ቴክሳስ ውስጥ ከመስከረም 2021 ጀምሮ 21 ዓመት የሞላውና በሕግ ያልተከለከለ ሰው ያለ ፈቃድ መታጠቅ ይችላል። እኔ ግን ፈቃዱን አወጣሁ። ማመልከቻው 40 ዶላር ነው፣ ትምህርቱ ለብቻው ይከፈላል፤ አይቆጭም። ግሪን ካርድ ያለው ሰውም ሽጉጥ መግዛት ይችላል። በቱሪስት ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይፈቀድለትም። «ወንድሜ በስሙ ይግዛልኝ» ብሎ መዞር ደግሞ የፌዴራል ወንጀል ነው። አበሻ ለአበሻ አይጨክንም ብላችሁ ወንድማችሁን እንዳታሳስሩት።

ወደ ሽጉጡ ልመለስ። አንድ የቀድሞ ወታደር ወዳጄ «ግሎክ 19 ግዛና ተገላገል» አለኝ። ተኩስ መለማመጃ ቦታ ሄጄ ሁለቱንም ተከራይቼ ሞከርኳቸው። እውነቱን ለመናገር ለመተኮስ 19 ይሻላል። 15 ጥይት ይይዛል፣ እጅ ላይም ይረጋጋል። 43ኤክስ 10 ነው የሚይዘው፣ ግፊቱም ቆንጠጥ ያደርጋል። ግን ግሎክ 19 ጥይቱ ሲሞላ 850 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ 43ኤክስ 650 ገደማ ነው። ውፍረቱም ከ34 ወደ 28 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በወረቀት ላይ ምንም አይመስልም። 12 ሰዓት ቆሞ የሚውል ሰው ወገብ ግን ልዩነቱን ያውቀዋል።

ዘግይቶ የገባኝ ነገር፦ ከሸሚዝ ሥር የሚያሳጣው አፈሙዙ ሳይሆን እጀታው ነው። የሁለቱ ሽጉጦች ቁመት ደግሞ አንድ ነው፣ 128 ሚሊ ሜትር። ስለዚህ «ትንሹን ገዛሁ፣ አይታይብኝም» ብዬ የተደሰትኩት በከንቱ ነበር።

እስካሁን 1,100 ጥይት ያህል ተኩሼበታለሁ። ሁለቴ ተሰናክሎብኛል፣ ሁለቱም አያያዜ ልል በነበረበት በመጀመሪያው ወር ነው። ስለ ሽጉጡ ያለኝ ይኸው ነው።

አሁን ስለ ሆልስተሩ። የ20 ዶላሩ የጨርቅ ነበር። ቤት ውስጥ፣ ጥይቱን አውጥቼ፣ ባዶ መሆኑንም ሁለቴ አይቼ መምዘዝ ስለማመድ ሆልስተሩም ተከትሎ ወጣ። ባለቤቴ ከሶፋው ላይ ሆና «ከነካልሲው ልትተኩስ ነው?» አለችኝ። ያ ሆልስተር በዚያው ቀን አበቃለት።

ሁለተኛው የቆዳ ነበር። ሲያዩት ያምራል፣ ወገብ ላይም ይመቻል። የዳላስ ሐምሌ ግን 38 ዲግሪ ምንም አይደለም። ላቡ ቆዳውን አለሰለሰው፣ አፉም ወደ ውስጥ መታጠፍ ጀመረ። እኔም እያየሁ ዝም አልኩ።

ታኅሣሥ ላይ ሱቁን ልዘጋ ስል፣ ጓሮ ክፍል ውስጥ፣ ጃኬት እንደለበስኩ ሽጉጡን ወደ ሆልስተሩ ስመልስ አንድ ነገር ለስለስ ብሎ ያዘኝ። ግሎክ በአውራ ጣት የሚዘጋ ሴፍቲ የለውም። ሦስት መጠበቂያ አለው፣ ሁሉም ምላጩ ሲሳብ አብረው ይለቃሉ። ምላጩ ላይ ያለችው ምላስ የምትለየው መጫንና አለመጫንን ነው፤ ጣት ይሁን ገመድ ግድ የላትም። ቆምኩ። ቀስ አድርጌ መልሼ አወጣሁት። የጃኬቴ ማሰሪያ ገመድ ጫፍ፣ ያቺ የፕላስቲክ ፍሬ ያለችበት፣ ምላጩ ጎን ተጋድማለች። የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ መቀስ ፈልጌ ገመዱን ቆረጥኩት። አሁን ልብሴን ከፍ አድርጌ፣ ዓይኔን የሆልስተሩ አፍ ላይ ተክዬ፣ ቀስ ብዬ ነው የምመልሰው። ማን ያስቸኩለኛል?

ሦስተኛው ካይደክስ ነው፤ በሽጉጡ ቅርጽ የተሠራ ጠንካራ ፕላስቲክ። ምላጩን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፣ ሲገባ «ቀጭ» ይላል፣ ሽጉጡ ሲወጣም አፉ አይዘጋም። 70 ዶላር። ከእሱ ጋር 60 ዶላር የሚሆን ደረቅ ቀበቶ ገዛሁ፤ ክብደቱን ከወገቤ ያነሳልኝ እሱ ነው። ሦስተኛው ወር ላይ ብሎኑ ላልቶ ነበር። የብሎን ማጣበቂያ ጠብ አደረግኩበት፣ ከዚያ ወዲህ አልተንቀሳቀሰም።

ፊት ለፊት፣ እምብርት አጠገብ መታጠቅ ፈጣን ነው ይላሉ። ቦርጭ ለሌለው ይሆናል። እኔ ከቀኝ ዳሌዬ ትንሽ ወደ ኋላ አድርጌዋለሁ። የውሃ ካርቶን ለማንሳት ሳጎነብስ እጀታው ስለሚታይ መንበርከክ ለመድኩ። ለጉልበት ግን አይመከርም።

እሁድ ቤት ይቀራል። ስግደትና ሽጉጥ አብረው አይሄዱም፤ ነጠላም ምንም አይሸፍንም። የእኛ ምግብ ቤቶች ጋ ስትሄዱ ደግሞ በሩን እዩ። ቀዩ 51 ቁጥር ከተለጠፈ አብዛኛው ገቢያቸው ከመጠጥ ነው ማለት ነው፤ ፈቃድ ቢኖራችሁም ታጥቆ መግባት ክልክል ነው። ቤት ስደርስ በቁጥር የሚከፈት የብረት ሣጥን ውስጥ ይገባል። ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሊያገኘው በሚችል ቦታ መተው እዚህ ወንጀል ነው። የኔዋ ደግሞ ሰባት ዓመቷ ነው፣ የማትከፍተው መሳቢያ የለም።

የጨርቁን ሆልስተር መጣል አሳዘነኝ። ባለቤቴ የፀሐይ መነጽሯን ታስቀምጥበታለች።