ሳፖሮን የሰረዘችልን ልጅ

የጃፓን ጉዟችንን ስላቀደችልን ልጅ ይህን ጽሁፍ ለመጻፍ ቃል ከገባሁ ወር አለፈኝ። ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። እማዬ ግን በደወለች ቁጥር "ለዚያች ልጅ ጻፍሽላት ወይ?" ማለቷን አልተወችም። ይኸው እማዬ፣ ጻፍኩላት።

እንደምታውቁት በመጋቢት መጨረሻ ጃፓን ደርሰን መጣን። እኔ፣ ባለቤቴና እማዬ። የጋብቻችንን 20ኛ ዓመት ለማክበር ነበር። "እናትሽን ይዘሽ?" ብላችሁ የሳቃችሁ አላችሁ፣ አልረሳሁም። አሁን ግን ያለ እሷ ብንሄድ ኖሮ ምን ይቀርብን እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው።

መጀመሪያ እዚሁ ሜሪላንድ አንድ የጉዞ ወኪል ጋ ሄደን ነበር። ስሙን አልጠራም። ሰውየው በ12 ቀን ሰባት ከተማ ደረደረልን፤ ቶኪዮ፣ ሳፖሮ፣ ናጎያ፣ ኪዮቶ፣ ኦሳካ፣ ሂሮሺማ፣ ፉኩኦካ። በዚያ ላይ ለሦስታችንም የ7 ቀን የባቡር ፓስ፣ አንዴ ተከፍሎበት በየባቡሩ የሚያሳፍር ትኬት። እኛ ደስ አለን። ዕድሜ ልክ አንድ ጊዜ ለሚኬድ አገር ብዙ ማየት አይሻልም? ቀብድ ልንከፍል አንድ ቀን ሲቀረን የባለቤቴ የአክስት ልጅ "ቆይ፣ እዚያ የምትኖር አንድ ልጅ አለች፣ መጀመሪያ እሷን አናግሯት" ብሎ ቁጥሯን ላከልን።

ልጅቷ ብዙ ዓመት ቶኪዮ ኖራለች። ቤቷ ካትሱሺካ ወረዳ ነው፣ ሐበሻ የሚበዛበት አካባቢ። ስሟን እዚህ አልጽፍም፣ ራሷ አትጻፊ ብላኛለች። ፕሮግራሙን ላክንላት። የሰባት ደቂቃ የድምፅ መልእክት መለሰች። ሁለት ደቂቃ ያህል ሰማሁና ስለ አየር ጠባይ ስታወራ "በኋላ እጨርሰዋለሁ" ብዬ ተውኩት። ማታ ባለቤቴ እስከ መጨረሻው ሰማው። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ እንዲህ ትላለች፦ "እህቴ፣ ሳፖሮን ሰርዙት። ፉኩኦካንም። ናጎያንም። እናትሽን ይዘሽ ሻንጣ ስትጎትቺ ልትከርሚ ነው እንዴ?"

በመጀመሪያ ተናደድኩ፣ እውነቱን ልናገር። በኋላ ካርታውን ዘርግታ ስታስረዳኝ አፈርኩ። ሳፖሮ ሰሜን ጫፍ ያለው ሆካይዶ ደሴት ላይ ነው፣ ፉኩኦካ ደግሞ ደቡብ ምዕራብ ኪዩሹ ላይ። እኛ የምንሄደው የቼሪ አበባ ለማየት ነው። ሳፖሮ ላይ አበባው የሚፈነዳው ቶኪዮ ረግፎ ካለቀ በኋላ፣ ወደ ሚያዝያ መጨረሻ ገደማ ነው። ሰውየው ወደ ብርድ አውሮፕላን ሊያሳፍረን ነበር ማለት ነው።

የባቡር ፓሱንም እንደዚሁ። "አትግዙ፣ ቁጭ ብላችሁ ደምሩት" አለችን። ደመርነው። የ7 ቀኑ ፓስ ድሮ 29,650 የን ነበር፤ በጥቅምት 2023 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ግን 50,000 የን ገባ። ከቶኪዮ ኪዮቶ በሺንካንሰን፣ በፈጣኑ ባቡር፣ አንድ ጉዞ 14,000 የን ግድም ነው። ከኦሳካ ሂሮሺማ ደርሶ መልስ 21,000 ግድም። ከኪዮቶ ኦሳካ በተራ ባቡር 1,000 የን እንኳ አይሞላም። ፓሱን ብንገዛ ኖሮ ለሦስታችን ከ40,000 የን ያላነሰ በከንቱ ይሄድ ነበር። ብዙ ከተማ ለሚዞር ሰው ሊያዋጣ ይችላል። ለእኛ ግን ኪሳራ ነበር።

ልጅቷ ትኬት አትቆርጥም፣ ሆቴልም አትይዝም። "ያ ፈቃድ ያለው ድርጅት ሥራ ነው፣ እኔ አልገባበትም" ትላለች። እሷ የምታደርገው ቁጭ ብላ ማሰብ ነው። ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ ማን ጉልበቱን እንደሚያመው፣ ማን ምን እንደማይበላ ትጠይቅና የየቀኑን ውሎ ጽፋ ትሰጣችኋለች። ከፈለጋችሁ ቶኪዮ ውስጥ አብራችሁ ትውላለች። እኛ ሁለት ቀን አብራን ዋለች፣ የቀረውን በስልክ።

የጻፈችው ነገር ለቪዛም ጠቀመን። እኔና ባለቤቴ በአሜሪካ ፓስፖርት እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ እንገባለን። እማዬ ግን ግሪን ካርድ ቢኖራትም ፓስፖርቷ የኢትዮጵያ ነው። ስለዚህ ቪዛ ያስፈልጋታል። ሲያመለክቱ በየቀኑ የት እንደሚውሉና የት እንደሚያድሩ ዝርዝር ይጠየቃል። የልጅቷን ፕሮግራም እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ መልሰን አስገባነው። (ከአሜሪካ ለምትሄዱ አንድ ነገር በቅንፍ ልንገራችሁ። ለትኩረት ችግር የሚታዘዘው አደራል የሚባለው መድኃኒት ጃፓን ፈጽሞ አይገባም፣ የሐኪም ማዘዣ ቢኖራችሁም። አንዳንድ ሱዶኤፍድሪን የሚበዛበት የጉንፋን መድኃኒትም እንደዚሁ። የመድኃኒት ቦርሳችሁን ሳትነሱ አስፈትሹ።)

ሌላው ያስቀረችልን ነገር መመለስ ነው። ወኪሉ በቶኪዮ አስገብቶ፣ ኦሳካ አድርሶ፣ እንደገና ወደ ቶኪዮ ሊመልሰን ነበር። እሷ "በቶኪዮ ሐኔዳ ግቡ፣ በኦሳካ ካንሳይ ውጡ" አለች። የአውሮፕላኑ ዋጋ ብዙም አልተለወጠም፣ አንድ ሙሉ ቀን ግን ተረፈን።

ሻንጣዎቻችንንም ከቶኪዮ ሆቴል ወደ ኪዮቶ ሆቴል ያለ እኛ ላከቻቸው። ታክዩቢን ይሉታል። ያማቶ የሚባለው ድርጅት በፈረንጅ 1976 የጀመረው አገልግሎት ነው፣ ጥቁር ድመት ግልገሏን በአፏ ይዛ የምትታይበት ምልክት አለው። ጠዋት እንግዳ መቀበያው ላይ ትሰጣላችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ይደርሳል። ለአንድ ትልቅ ሻንጣ ከ2,000 እስከ 3,000 የን ግድም ነው። የአንድ ሌሊት ልብስ በትንሽ ቦርሳ ያዙ እንጂ እንደ ባለቤቴ ፒጃማውን ጭምር እንዳትልኩ። እማዬ ሻንጣዋን ለማያውቁት ሰው ስትሰጥ ፊቷ ልክ አልነበረም። ኪዮቶ ክፍሏ ውስጥ ቆሞ ሲጠብቃት ግን ቁልፉን ሦስቴ አየችው፣ ከዚያ "እንዲህ ያለ አገር!" አለች። ትልቅ ሻንጣ ይዛችሁ በሺንካንሰን ከሄዳችሁ ደግሞ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ከፍታው ተደምሮ ከ160 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ልዩ መቀመጫ አስቀድሞ መያዝ ግዴታ ነው። እኛ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ተገላገልን። የያዝነው "ኢ" የሚባለውን የመስኮት ወንበር ነበር፣ በስተቀኝ በኩል። የፉጂ ተራራ የሚታየው በዚያ በኩል ነው። እኛ ስናልፍ ጫፉን ደመና ሸፍኖታል፣ ወገቡን ግን አየነው።

አሁን ወደ ጾሙ ልምጣ። ጉዞው ሑዳዴ መሃል ላይ ነው የዋለው። እማዬ ደግሞ ዓሣም አትነካም። እኔ "ጃፓን ሩዝና አትክልት ሞልቷል፣ ምን ችግር አለ" ብዬ ነበር። ልጅቷ ሳቀችብኝ። ለካ ሾርባውም፣ የኑድሉ መረቅም፣ የተቀቀለው ጎመንም አብዛኛውን ጊዜ ዳሺ አለበት፣ ዳሺ ደግሞ በብዛት የሚሠራው ከደረቀ ዓሣ ነው። አትክልት ብቻ ይመስላል እንጂ የጾም አይደለም። ስለዚህ በጃፓንኛ አንዲት ካርድ ጻፈችላት። "ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት በሃይማኖቴ ምክንያት አልበላም። የዓሣ መረቅም አይሆንልኝም" ይላል። እማዬ ካርዷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያዘቻት። ምግብ ቤት በገባን ቁጥር ፈትታ ታወጣለች፣ አስተናጋጁ በሁለት እጁ ተቀብሎ ያነባል፣ ጎንበስ ይላል፣ ወደ ጓዳ ይገባል። አንዳንዱ ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ቶፉና ሩዝ ይዞ ይመለሳል። አንዳንዱ "ይቅርታ፣ የለንም" ብሎ በር ድረስ ይሸኘናል። ማንም ግን ዋሽቶ አላበላትም።

ኪዮቶ ላይ ደግሞ አራሺያማ ያለው የተንሪዩ-ጂ ገዳም ውስጥ ሺጌጹ የሚባል ምግብ ቤት አስቀድመን እንድንይዝ ነገረችን። የሚያቀርቡት ሾጂን ሪዮሪ ይባላል፣ የዜን ቡድሂስት መነኮሳት ምግብ። ሥጋ የለ፣ ዓሣ የለ። መረቁ ከባሕር አረምና ከእንጉዳይ ነው። በቀይ ሳህን በትንሽ በትንሹ ተደርድሮ ሲመጣ እማዬ "ይህ ሁሉ የጾም ነው?" አለች። አዎ አልናት። ነጭ ሽንኩርትም ቀይ ሽንኩርትም እንደማይገባበት ስነግራት ግን ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ያለ ሽንኩርት? ታዲያ እንዴት ጣፈጠ?" እስካሁን መልስ አላገኘንላትም።

ልጅቷ ፍጹም ናት አልልም። አንድ ቀን ሙዚየም ላከችን፣ በር ላይ ስንደርስ ዝግ ነው። ሰኞ ነበር። እዚያ ብዙ ሙዚየሞች ሰኞ ይዘጋሉ፣ እሷም ታውቃለች፣ ግን ቀኖቹን ስታቀያይር አመለጣት። ደወልኩላት። ሰበብ አልደረደረችም። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ባላችሁበት ቆዩ" ብላ በ40 ደቂቃ ውስጥ ራሷ መጣችና ኡኤኖ መናፈሻ ወሰደችን። አበባው ከላይ፣ ሰማያዊ ሸራ አንጥፎ የሚበላው ሕዝብ ከታች። የዚያን ቀን ሒሳብም አልተቀበለችም።

እንግዲህ ዋናው ያለው እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ላይ በሦስተኛው ቀን "ግማሽ ቀን፣ ለእማማ" የሚል ብቻ ተጽፏል። ምንድን ነው ስንላት አትናገርም። ከሺንጁኩ በኬዮ መስመር ተሳፍረን ቶቢታኪዩ የሚባል ጣቢያ ወረድን። ጥቂት ተራመድንና ከባድ መኪና የሚያልፍበት ሰፊ መንገድ ዳር ደረስን። ኮሹ ካይዶ ይባላል። የቱሪስት ዘር የለም። እዚያ ዳር ላይ አንድ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሟል። ልጅቷ የእማዬን ክንድ ይዛ "እማማ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1957 ጥቅምት ላይ አበበ ቢቂላ ከዚህች ቦታ ነው ዞሮ ወደ ስታዲየም የተመለሰው" አለቻት። የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን መዞሪያ ነበር።

እማዬ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ ቶኪዮ ላይ በጫማ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ። ይህን ሁሉ ከልጅቷ አፍ ነጥቃ ራሷ ነገረችን። ከገባ በኋላ ሣሩ ላይ ተኝቶ እግሩን እያነሳ ስፖርት መሥራቱን ሳይቀር። ድንጋዩን በእጇ ዳሰሰች፣ መንገዱን ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ በቀስታ፣ አላፊ አግዳሚ እንዳይደነግጥ ብላ፣ እልል አለች። በብስክሌት የሚያልፍ ሽማግሌ ቆመ። ልጅቷ በጃፓንኛ አንድ ነገር ነገረችው። ሰውየው ከብስክሌቱ ወርዶ "አበበ! አበበ!" እያለ ለእማዬ ሰገደላት። እሷም ሰገደችለት። ሁለቱ ስንት ጊዜ እንደተሳገዱ አልቆጠርኩም። ባለቤቴ ፎቶ ማንሳቱን ረሳው።

ይህ ቦታ ወኪሉ የሰጠን ሰባት ከተማ ውስጥ የለም። ሳፖሮ ብንሄድ ኖሮ ይህ ግማሽ ቀን አውሮፕላን ማረፊያ ያልቅ ነበር።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበለው። ፉሺሚ ኢናሪ፣ ቀያይ በሮች የተደረደሩበት፣ ሌሊቱንም ክፍት ነው፣ መግቢያ አይከፈልም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሄደን ከኛ ሌላ ሰው ጥቂት ነበር። ስንመለስ መንገዱ መርካቶ ሆኗል። ናራ ላይ ሚዳቋዎቹ ጎንበስ ብለው ብስኩት ይለምናሉ፣ ከዘገያችሁ ኪስ ይነክሳሉ። ሂሮሺማን በአንድ ቀን ደርሰን ተመለስን። ሙዚየሙ ውስጥ አቶሚክ ቦምቡ በፈነዳበት ጊዜ፣ በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት 8 ከ15 ላይ የቆመ ሰዓት አለ። እማዬ ከወጣች በኋላ ረጅም ሰዓት አልተናገረችም፣ እኛም አላናገርናትም። ኦሳካ ላይ የተረዳነው የመብልና የጫጫታ ከተማ መሆኑን ነው። በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀሰው ደረጃ (እስካሌተር) ላይ ቶኪዮ በግራ ነው የሚቆሙት፣ ኦሳካ በቀኝ። ባለቤቴ እስከ መጨረሻው ቀን አልለመደውም።

ልጅቷን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄያት ቁጥሯን እሰጣችኋለሁ። ዋጋዋን ራሷ ትነግራችኋለች፣ ለእኛ አልከበደንም። ለአበባው ወቅት ከሆነ ቢያንስ ከአራት ወር በፊት አናግሯት፣ ሆቴሉ ቶሎ ያልቃልና። ስንት ሰው እንደሆናችሁና ማን ምን እንደሚያመው ሳትደብቁ ንገሯት። የሰባት ደቂቃ ድምፅ ስትልክላችሁ ደግሞ እስከ መጨረሻው ስሙት፤ ዋናውን ነገር የምትናገረው ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ነው።